ሶላር እንደ ፍሪጅ ሶኬት ላይ ሰክቶ መጠቀም፦ 800 ዋት የምትባለው ከየት መጣች?

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄ አለኝ፣ ትንሽ ንዴትም አለበት፣ ታገሱኝ።

በረንዳ ላይ የሚሰቀሉትን ትንንሽ ሶላሮች ታውቋቸዋላችሁ አይደል፣ ሁለት ፓኔል፣ ከጀርባቸው አንዲት ጠፍጣፋ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ወደ ሶኬት መብራት ዓይነት የምትቀይረው ዕቃ)፣ ከሷ የሚወጣ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ተራ ስፒና። ስፒናውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ትሰካለህ፣ ፀሐይ ስትወጣ ፍሪጅህ ከቆጣሪው መጠጣቱን ትቶ ከበረንዳህ ይጠጣል። በቃ። ባትሪ የለ፣ ጣሪያ ላይ መንጠልጠል የለ። እኔ ያለሁበት ግን ኢንቨርተሩ ከ800 ዋት በላይ መስጠት የለበትም፣ ይመዝገብ፣ ዲቫይደር ላይ አይሰካ፣ ምናምን ምናምን። ግራ የገባኝ ምን መሰላችሁ፣ የፀጉር ማድረቂያዬ 2000 ዋት ይጎትታል፣ እስከዛሬ ማንም መጥቶ አስመዝግቢው አላለኝም። ሶላሩ የሱን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ሁለት ሶኬት አለኝ፣ ሁለት ኪት (ፓኔሎቹም ኢንቨርተሩም አንድ ላይ) ገዝቼ ባንዱ አንዱን በሌላው ሌላውን ብሰካ 1600 ዋት ነው፣ አሁንም ከማድረቂያው ያንሳል። እኔ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ፈሪዎች ናቸው ባይ ነኝ። አሳምኑኝ።

(ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት በኋላ ነው። ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ረዝሞ አዲስ የሚገባው ሁሉ ያንኑ ሲደግም ስላየሁ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አፍ ጻፍኩት። ቃል በቃል አይደለም፣ ያጣመምኩበት ካለ ይቆጣኝ።)

1ኛ መልስ። በጨዋ ደንብ ነው የገባው፣ ወንድሜ ብሎ (ወንድም አይደለሁም፣ ወደዛ እንመጣለን)። መጀመሪያ አገርህን ንገረን ነው ያለው፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ድንበር በተሻገርክ ቁጥር ይለዋወጣል። ጀርመን ድሮ 600 ዋት ነበር፣ ከፈረንጆቹ ግንቦት 2024 ጀምሮ ኢንቨርተሩ 800፣ ፓኔሎቹ ደግሞ ተደምረው እስከ 2000 ተፈቀደ። ስዊዘርላንድ 600 ላይ ናት። ቤልጂየም እስከ ሚያዝያ 2025 ድረስ ጭራሽ አይፈቀድም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዩታ የምትባለው ግዛት 2025 ላይ እስከ 1200 ዋት ድረስ ከኃይል አቅራቢው ጋር ውል ሳትፈራረም ሰክተህ ተጠቀም የሚል ሕግ አወጣች። ስለዚህ አንዱና ያው ዕቃ እዚህ ሕጋዊ እዚያ ጥፋት ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ፊዚክሱ ግን አንድ ነው ብሎ ጨረሰ። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ ክሩ ሙሉ የሷ ጦርነት ነው።

2ኛ። አንድ መስመር ናት። ገዝቷል፣ ሰክቷል፣ ይሠራል፣ ጥያቄ አታብዙ። ከሁሉም በላይ የተወደደችው መልስ ይቺ መሆኗ ያሳፍራል።

3ኛ። ነገሩን ከሥሩ የጀመረው ይሄ ሰው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቤት ለቤት ሽቦ ሲጎትት የኖረ ኤሌክትሪሺያን ነኝ ይላል፣ አጻጻፉም ያስታውቃል፣ ነጥብ የለ ምን የለ። ያለው እንዲህ ነው፦ ብሬከር የተቀመጠው ዕቃህን ሊጠብቅ አይደለም፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ሊጠብቅ ነው። ማድረቂያ ስትሰካ ኃይሉ የሚመጣው በአንድ መንገድ፣ በብሬከሩ በኩል ብቻ ነው፣ ብሬከሩም እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ይቆጥራል፣ ከ16 አምፔር ሲበዛበት ይጥላል። ሶላር ስትሰካ ግን በጓሮ ሌላ በር ከፈትክ። በጓሮ የገባውን ዘበኛው አያየውም። 800 ዋት በ230 ቮልት 3.5 አምፔር ገደማ ነው። ማጠቢያ ማሽኑ፣ የውሃ ማፍያው፣ ካውያው በአንድ መስመር ላይ ተደርድረው 19.5 አምፔር ቢጎትቱ 16ቱ በበሩ፣ 3.5ቱ በጓሮ ይመጣል፣ ዘበኛው 16 ነው የቆጠርኩት ብሎ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግን 19.5 ተሸክሞ ይግላል። ሁለት ኪት እዛው መስመር ላይ ከሰካህ 23 አምፔር። 1.5 ካሬ ሽቦ ላይ፣ ከላዩ ፎም ተደፍኖበት። እና ማድረቂያውና ሶላሩ የዋት ቁጥራቸው ስለተቀራረበ አንድ ናቸው ማለት ከባንክ ብር ማውጣትና ባንክ ውስጥ ብር ማተም አንድ ነው እንደማለት ነው ብሎ ዘጋው። ብር ማተሟ አልገባችኝም ግን ደስ ትላለች።

4ኛ እኔ ነኝ። አንደኛ እህት ነኝ አልኩ። ሁለተኛ፣ የዘበኛዋ ነገር ገብታኛለች፣ ግን ሁለቱ ሶኬቶቼ በአንድ ብሬከር ይሁኑ በሁለት በምን አውቃለሁ፣ ሳጥኑን ከፍቼ አላውቅም።

5ኛ። ስለ እህትነቴ ይቅርታ ጠይቆ 3ኛውን አረመው፣ በትህትና ግን በደንብ አረመው። ድምሩ ሁሌ አይደመርም። ሽቦው ከብሬከሩ ተነስቶ ከሶኬት ሶኬት እየዘለለ ነው የሚሄደው፣ ሶላሩ የመጨረሻው ሶኬት ላይ ካለና ዕቃዎቹ መሃል ላይ ካሉ 16ቱ ከወዲህ 3.5ቱ ከወዲያ መጥተው ዕቃዎቹ ጋ ይገናኛሉ፣ አንድም የሽቦ ቁራጭ ከ16 በላይ አይሸከምም። ችግሩ የሚመጣው ሶላሩ ብሬከሩ አጠገብ ያለው ሶኬት ላይ ሆኖ ዕቃዎቹ ከሱ በኋላ ሲሆኑ ነው፣ ያኔ ከሶላሩ ወደፊት ያለው ሽቦ ሁለቱንም ይሸከማል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ሽቦው በየት በኩል እንደሚዞር ስለማያውቅ ሕጉ መጥፎውን ዕድል ይዞ ያስባል። ቀጥሎ የጻፈውን እኔ አላውቅም ነበር፣ ያ 16 የተጻፈበት ብሬከር 16 ላይ ሲደርስ አይጥልም። በ1.13 እጥፍ፣ ማለትም 18 አምፔር ገደማ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይጥል መቆየት አለበት፣ በ1.45 እጥፍ፣ 23 አምፔር ገደማ፣ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ሊታገስ ይችላል። ስለዚህ ሽቦው የነበረው ትርፍ ቀድሞም በብሬከሩ ትዕግሥት ተበልቷል፣ ሶላሩ የሚመጣው ከዛ በላይ ነው። ቢሆንም መኖሪያ ቤት ውስጥ አንድ መስመር ለሰዓታት ሙሉ 16 አምፔር ስለማይጎተትበት 3.5ቷን ትርፍ ብዙ ሽቦ ይችላታል፣ የሁለት ኪቷን ሰባት ግን እሱ ራሱ ቤቱ አያደርጋትም።

6ኛው አሜሪካ ያለ ሰው ነው፣ እኛ ጋ 120 ቮልት ስለሆነ ስሌቱ ይከፋል ይላል። የዩታው 1200 ዋት 10 አምፔር ነው፣ በ15 አምፔር መስመር ላይ ሲጨመር በክፉ አጋጣሚ 25። ለዚህ ነው ሕጉ ፈቅዶ ሲያበቃ ዕቃው የታወቀ የደህንነት ማረጋገጫ ይኑረው ያለው። ፈቃድ ማግኘትና ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ቀስ ብሎ ነው ያወቀው።

7ኛ። አንዷ ገብታ ሁላችንም ልንጠይቅ ያፈርንበትን ጠየቀች፣ መብራት ሲሄድ በዚህ ነገር ቢያንስ ስልክ ቻርጅ እናደርጋለን ወይ።

8ኛ። አይደረግም አላት፣ እሱም ገዝቶ ነው ያወቀው። ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ፓኔሉ እያብለጨለጨ፣ መብራት ሄደ፣ ሶላሩም አብሮ ሄደ። ኢንቨርተሩ የሚከተለው የመስመሩን ምት ነው፣ 50 ሄርዝ (አሜሪካ 60)፣ ምቱ ከጠፋበት መዝጋት አለበት፣ ያለዚያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦው ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ከበረንዳ የመጣ ኃይል ይጠብቀዋል። እሱ ሲገዛ ይሄን የነገረው የለም፣ ሻጩ ኃይልህ በእጅህ ምናምን እያለ ነው የሸጠለት። መብራት ሲሄድም እንዲሠራ ከፈለግሽ ባትሪ ያለውና በራሱ ላይ የተለየ ሶኬት ያለው ዕቃ ያስፈልጋል፣ እሱም የሚያበራው በሱ ሶኬት ላይ የሰካሽውን ብቻ ነው፣ ቤቱን አይደለም። 7ኛዋ አመስግና ወጣች፣ ወዲያው ተመልሳ ታዲያ ምን ጥቅም አለው አለች፣ ማንም አልመለሰላትም። እኔ ልመልስ፣ ቢል ለመቀነስ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

9ኛ። ልጆች ያሉት ሰው። ስፒናው ሲነቀል እግሮቹ ራቁታቸውን ነው ያሉት፣ ሌላኛው ጫፍ ፀሐይ ላይ ነው፣ ልጅ ቢነካው ኤሌክትሪክ አይዘውም ወይ አለ። ከጠቅላላው ጥያቄ ሁሉ ይሄ ጥሩው ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ስፒና ማለት በዓለም ሁሉ ሲነቀል የማይነዝር ነገር ነው፣ ይሄ ብቻ ነው ተገልብጦ የመጣው።

10ኛ። ኤሌክትሪሺያኑ (3ኛው) ተመለሰ። በደንቡ መሠረት የተሠራ ኢንቨርተር ልክ ስትነቅይው መስመሩ እንደጠፋ ይቆጥራል፣ በጀርመኑ ደንብ በ0.2 ሰከንድ ውስጥ መቆረጥ አለበት፣ እጅሽ እግሮቹ ጋ ሳይደርስ ሞቷል። ግን በደንቡ መሠረት የተሠራ የምትለዋ ላይ ነው ጉዳዩ። 2023 ላይ ጀርመን ውስጥ በብዛት የተሸጠ አንድ ኢንቨርተር ሲከፈት ያንን መቁረጥ የሚሠራው ሪሌ ውስጡ አልነበረም። ወረቀቱ ላይ አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ የለም። አምራቹ በኋላ ውጪ ላይ የሚገጠም ሪሌ ለማቅረብ ተገደደ። ስለዚህ ርካሽ ነገር ስታዩ መጀመሪያ እግሩን ጠይቁ አለ፣ የስፒናውን ይሁን የሻጩን አላብራራም።

11ኛ። እዚህ ጋ ነው አየሩ የተበላሸው። እነ 3ኛ ሥራቸው እንዳይቀርባቸው ሰው እያስፈራሩ ነው ብሎ ገባ። አውሮፓ ሙሉ ሰክቶ እየኖረ የተቃጠለ ቤት አሳዩኝ አለ። ሰው ሁሉ ራሱ ሰክቶ ከተጠቀመ ማን ይጠራቸዋል ዓይነት ነገር።

12ኛ። ኤሌክትሪሺያኑ እስካሁን የነበረውን አንቱታ ሁሉ ጣለ። የማልደግማቸውን ትቼ ፍሬ ነገሩ፣ ስፒናውን ሰካ ብሎ ሰው ለሚመክር ሰው አንድ ቀን የቀለጠ ሶኬት ከግድግዳ በፒንሳ እንዲያወጣ ይመኝለታል፣ ጥቁር ብሎ፣ የፕላስቲኩ ሽታ ሦስት ቀን ከእጅ ሳይለቅ። ደግሞም ሰው ራሱ አይስካ አላልኩም፣ አንድ ኪት፣ ማረጋገጫ ያለው፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ፣ ከዚህ በላይ ምን አልኩ አለ። እውነት ለመናገር እሱን ደግፌ ነበር፣ 11ኛው ግን አንድ ነጥብ ነበረው፣ ጀርመን ውስጥ የተመዘገቡት ብቻ እስከ 2025 ተደምረው ከአንድ ሚሊዮን አልፈዋል፣ ይሄ ሁሉ ሰው በየቀኑ ቤቱ ቢቃጠል እንሰማ ነበር።

13ኛው አወያዩ ነው። ሁለቱንም አስጠነቀቀ፣ ሁለት መልስ ሰረዘ (ቁጥሩ አልተዛባም፣ አትፈልጉት)።

14ኛ። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሰው እርግብ ከፓኔሉ ጀርባ ጎጆ ሠርታብኛለች ምን ላድርግ ብሎ ገባ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ትንፋሽ አገኘን።

15ኛ። ቆጣሪ። ያ የድሮው፣ ክብ ሳህኑ የሚሽከረከረው ቆጣሪ ያላት ሴት ናት። ፀሐይ ሲበረታ ሳህኑ መጀመሪያ ቆመ፣ ከዛ ወደ ኋላ ዞረ፣ እሷ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ አየችው፣ በሕይወቴ እንደሱ ደስ ያለኝ ጥቂት ነው ትላለች። በብዙ አገር ይሄ ማጭበርበር ተብሎ ነው የሚቆጠረው፣ ጀርመን ግን ከ2024ቱ ሕግ ጋር አዲሱ ቆጣሪ እስኪገጠም ድረስ ወደ ኋላ ቢዞርም ለጊዜው ታግሳለች፣ አለበለዚያ ሰው ቆጣሪ እስኪቀየርለት ወር ሙሉ ፓኔሉን አልጋ ሥር ያስቀምጥ ነበር።

16ኛ። የ15ኛዋ ተቃራኒ ነው የደረሰበት፣ ለዚህም ነው ያዘነው። ያለው ዲጂታል ቆጣሪ ወደ ውጪ የሚወጣውንም ወደ ውስጥ የሚገባውንም አንድ አድርጎ የሚቆጥር ዓይነት ነበር። ስለዚህ ቀን ቀን ቤት ማንም በሌለበት ሶላሩ ወደ መንገድ የሚገፋውን ኃይል እሱ እንደተጠቀመው ቆጥሮ ቢል ላከለት። ፀሐይን ራሷን ከፍሎ ገዛት ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ቆጣሪው ሁለቱን አቅጣጫ ለይቶ መቁጠሩን ጠይቁ፣ ምዝገባ የሚባለው ወረቀት ከሚጠቅማችሁ ቦታ አንዱ ይሄ ነው ይላል። ይቺን ሳነብ ምዝገባ ላይ የነበረኝ ንዴት ቀዝቀዝ አለ።

17ኛ። ርዕሱ ላይ የጠየቅኩትን በትክክል የመለሰው ይሄ ነው፣ ከዚያ በፊት ያሉት ሁሉ ዙሪያውን ነበር የዞሩት። 800 ከሽቦ ስሌት አልመጣችም። የአውሮፓ ኅብረት 2016 ላይ ኃይል አመንጪዎች መስመር ላይ ሲገናኙ ምን ማሟላት አለባቸው የሚል ደንብ አወጣ፣ 2016/631 የሚባለው፣ እሱ አመንጪ ብሎ የሚቆጥረው ከ0.8 ኪሎ ዋት ጀምሮ ነው። ከዛ በታች ያለው ለሱ ትንሽ ነው፣ አያየውም። አገሮቹ ያቺን ቀዳዳ አይተው እዛው ላይ ተቀመጡ። ሽቦውም ያንን መቻሉ ጥሩ አጋጣሚ ነው እንጂ ቁጥሩ የተወለደው ወረቀት ላይ ነው። እኔ ፈሪዎች ናቸው ያልኩት ልክ አልነበረም፣ ልክ የሚሆነው ሰነፎች ናቸው ቢባል ነው ብሎ ቀለደብኝ።

18ኛው 17ኛውን ደግፎ ለምን መስመሩ ይጨነቃል የሚለውን ጨመረ። ድሮ ጀርመን ውስጥ የተገጠሙ ኢንቨርተሮች የመስመሩ ምት 50.2 ሄርዝ ሲደርስ እንዲጠፉ ተደርገው ነበር የተሠሩት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ሲበዙ በአንድ ቅጽበት ሁሉም ቢጠፉ መስመሩ ራሱ ይወድቃል። ከ2012 ጀምሮ ብዙ የጣሪያ ሶላር እየተዞረ ይሄው እንዲስተካከል ተደረገ። የበረንዳዎቹም ለየብቻ ምንም አይደሉም፣ አንድ ሚሊዮኑ እያንዳንዳቸው 800 ቢሰጡ ግን 800 ሜጋ ዋት ነው፣ ትልቅ የኃይል ማመንጫ ማለት ነው፣ የትልቅ ማመንጫ ባለቤት ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም አይባልም።

19ኛ። ፓኔል ነው ፓናል ነው የሚባለው። 20ኛው ሰሌዳ በሉት አማርኛ አለን አለ። 21ኛው ሰሌዳ ካልነው ኢንቨርተሩን ምን ልንለው ነው አለ። ስምንት ሰው ሐሳብ ሰጠ፣ ቁጥር ሳይሰጡ እዛው ሥር ሥሩ ስለተከራከሩ አልቆጠርኳቸውም። እኔ ፓኔል ብዬ ቀጥያለሁ።

22ኛ። ተከራይ ናት። አከራይዋ የሕንፃው መልክ ይበላሻል ብሎ ከልክሏታል። መልስ የሰጣት 1ኛው ነው፣ ጀርመን ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችልም፣ ግን የት ይሰቀል እንዴት ይታሰር በሚለው ላይ ድምፅ አለው። ሌላ አገር ካለች ውሏን እንድታነብ መከራት። እዚህ ላይ አስተያየት ልስጥ፣ የመልክ ጉዳይ ሰበብ ሊሆን ይችላል፣ የመታሰሩ ጉዳይ ግን ሰበብ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ የቀጣዩ ይነግራችኋል።

23ኛ። አንዱ ፓኔል ሃያ ኪሎ ገደማ፣ ስፋቱ ደግሞ ከበር ብዙ አያንስም፣ ነፋስ ሲይዘው ሸራ ነው። ይሄ ሰው በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው ያሰረው። ፕላስቲክ ፀሐይ ይበላዋል፣ እሱ ግን ይሄን አላሰበም፣ ሶላር ደግሞ የሚሰቀለው ፀሐይ ያለበት ነው። በሁለተኛው ዓመት በነፋስ ሌሊት አንዱ ጥግ ተፈትቶ ግድግዳውን ሲደበድብ ተኝቶ ሰማ፣ ሌባ መስሎት መብራት አጥፍቶ ጠበቀ። ሲነጋ ሲያይ ሃያ ኪሎ መስታወት በአንድ ማሰሪያ ከእግረኛ መንገድ በላይ ተንጠልጥሏል። አሁን በማይዝግ ብሎንና በብረት ነው ያሰረው። ሁላችሁም ስለ አምፔር ትጣላላችሁ፣ እኔ ሰው ልገድል የነበረው በኤሌክትሪክ አይደለም አለ። ከክሩ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

24ኛ። 2000 ዋት ፓኔል በ800 ኢንቨርተር ላይ ማሰር ብክነት አይደለም ወይ። 5ኛው አጠር አድርጎ መለሰ፣ ፓኔል ላይ የተጻፈው ዋት በላቦራቶሪ ነው፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን፣ ፓኔሉም 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ። በረንዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ጠዋት፣ ደመና ሲሆን፣ ወይ ፓኔሉ ሲግል ከዛ ብዙ ይወርዳል። ትልቅ ፓኔል ማለት ቀትር ላይ ጫፏ ትቆረጣለች፣ ጠዋትና ማታ ግን ታተርፋለህ፣ ፍሪጅ ደግሞ ቀትር ጠብቆ አይሠራም።

25ኛ። ተቆጥታ ነው የገባችው፣ በኔ ላይ። ሁለት ኪት ልሰካ ያልኩትን አስታውሳ እስካሁን ግልጽ መልስ ስላልተሰጠኝ እሷ ልትሰጠኝ ነው። 800 ዋቷ ለአንድ ሶኬት አይደለችም፣ ለአንድ ኪትም አይደለችም፣ ለአንድ ቆጣሪ ናት። ሁለት ብሬከር ላይ ብትሰኪውም ሽቦው ይተርፍ ይሆናል፣ ሕጉ ግን አይተርፍም፣ ከሌላው ተከራይ ጋር ግድግዳ የምትጋሪ ከሆነ ደግሞ የምትጫወቺው በራስሽ ቤት ብቻ አይደለም። ፈሪ የሚለው ቃል እሳት ላላየ ሰው ቀላል ነው አለችኝ። ምን ልበል። ልክ ናት፣ አነጋገሯ ግን የጎረቤት ዱላ ነበረው።

26ኛ። ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ስለነበረ ሰው ነው፣ ራሱ ነው የጻፈው። ሶኬቱ ሩቅ ስለነበረ ረጅም ዲቫይደር ዘርግቶ፣ እዛው ላይ ማሞቂያውንም ሰካ። ብሬከሩ አልጣለም፣ የዲቫይደሩ ራስ ግን ወደ ቡናማ ተቀየረ፣ በእጁ ሲይዘው ነው ያወቀው። የ3ኛው ዘበኛ እዚህ ጋ ነው ከሁሉ በላይ ዕውር የሚሆነው፣ ምክንያቱም የዲቫይደር ሽቦና መጋጠሚያ ከግድግዳው የባሰ ደካማ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሥሩ ገብቶ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፣ ተመስገን።

27ኛ እኔ ነኝ፣ ዛሬ። ሳጥኑን ከፈትኩት፣ ማለት ክዳኑን ብቻ ነው የከፈትኩት ደግሞ እንዳትጮሁብኝ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረድኩ ምን እንደሚጠፋ አየሁ፣ ልጅ ሶኬት ላይ መብራት ይዞ ቆሞ ጠፋ፣ አልጠፋም እያለ ይጮህልኛል። ውጤቱ፣ የበረንዳው ሶኬትና የማጠቢያ ማሽኑ ሶኬት በአንድ ብሬከር ናቸው፣ ሁለተኛው ሶኬት ያልኩትም እዛው ላይ ነው። ማለትም ሁለቱንም ኪት ባለማወቅ አንድ ሽቦ ላይ ልጭናቸው ነበር፣ ከማሽኑ ጋር። የበረንዳው ሶኬት ከማሽኑ በፊት ይሁን በኋላ ገና አላወቅኩም፣ 5ኛው እባክህ ግድግዳ ሳይፈርስ እንዴት እንደሚታወቅ ካለህ ጻፍልኝ። አንድ ኪት ነው የማዝዘው፣ ብሎኑን ግን ከአሁኑ ገዝቻለሁ።

28ኛ። የእርግቡ ሰውዬ ነው። ጫጩቶቹ ተፈልፍለዋል፣ እስኪበሩ ፓኔሉን አልነካም ይላል፣ ብቻ የነሱ ኩስ ግማሹን መስታወት ስለሸፈነው ምን ያህል ይቀንስበታል።